ሳተላይት ያየውን ማን ይመሰክርለታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ምድር ቅኝት ሳተላይቶች ካተምነው ጽሑፍ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ሰማይ ላይ ይህን ያህል ዓይን ካለ፣ ምድር ላይ ያለ ተማሪ፣ መምህር ወይም ማንኛውም ዜጋ የሚለካው ነገር ምን ይጨምራል የሚል ነው። ከደብዳቤዎቹ ውስጥ ሰባቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል፤ ረዘም ያሉትን ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በግቢያችን የዝናብ መለኪያ ተክለን በየቀኑ እንመዘግባለን። አንድ ተማሪ «ሳተላይት ዝናቡን ከላይ እያየው እኛ ለምን እንለፋለን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ለራሴም የሚያረካ መልስ አላገኘሁለትም። ሥራችን ለማስተማሪያ ብቻ የሚውል ነው ወይስ ሳይንሱንም ይጠቅማል?

መልስ፦ ተማሪዎን አይዞህ፣ ጥሩ ጠየቅህ ይበሉልን፤ የሙያው ሰዎችም ይህንኑ ጥያቄ በየጊዜው ያነሡታልና። መልሱ የሚጀምረው ሳተላይቱ በእርግጥ የሚያየው ምን እንደሆነ ከማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ናሳና የጃፓን የጠፈር ድርጅት በጋራ ያመጠቁት የዝናብ ሳተላይት ራዳርና የማይክሮዌቭ መቀበያ ተሸክሞ ይዞራል። ራዳሩ ሞገድ ወደ ታች ይልክና ከዝናብ ጠብታዎችና ከበረዶ ቅንጣቶች ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ የማይክሮዌቭ መቀበያው ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ደካማ ጨረር ያነባል። ስለዚህ ሳተላይቱ የዘነበውን ውኃ ሰፍሮ አያውቅም፤ የደረሰውን ጨረር በስሌት ወደ ሚሊሜትር ይለውጠዋል እንጂ። የእናንተ መለኪያ ግን ውኃውን ራሱን ይሰፍራል። አንዳንድ ጊዜ ከደመናው የወረደው ጠብታ መሬት ሳይደርስ በመንገድ ላይ ተንኖ ይቀራል፤ ይህን በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው ታች ሆኖ የሚጠብቅ ዕቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የስፋት ነው። ከዚህ ሳተላይትና ከአጋሮቹ የሚገኘው የዝናብ መረጃ የምድርን ገጽ ጎናቸው 10 ኪሎሜትር ገደማ በሆነ ካሬዎች ይከፍልና ለእያንዳንዱ ካሬ በየ30 ደቂቃው አንድ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ካሬ እንግዲህ 100 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ በዚህ ስፋት ውስጥ አንዱ ሰፈር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሌላው ካፊያ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሐምሌ ወር ማብቂያ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፎርት ኮሊንስ በተባለች ከተማ የደረሰው ይህ ነው። በከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ከ250 ሚሊሜትር በላይ ሲዘንብ በምሥራቁ በኩል የወረደው ከ50 ሚሊሜትር ብዙም የራቀ አልነበረም። ጎርፉ የአምስት ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በሚቀጥለው ዓመት የዚያው ግዛት የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ነዋሪዎችን አስተባብረው እያንዳንዱ ሰው በጓሮው በተከለው ቀላል የፕላስቲክ መለኪያ የሚያነበውን በየጠዋቱ የሚያስመዘግብበትን መረብ ዘረጉ። ኮኮራዝ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መረብ ዛሬ ከዚያች ግዛት አልፎ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች የሚሳተፉበት ሆኗል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ስሌት ነው። ተመራማሪዎች በዓለም ላይ መረጃቸው የሚሰበሰብ የዝናብ መለኪያዎችን አፍ ስፋት ደምረው ቢያዩት የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ሆኖ አገኙት። ስለ ምድር ዝናብ በእጅ ሰፍረን የምናውቀው ሁሉ በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ የወረደው ነው። በሳተላይት የሚገመተው ወርኃዊ የዝናብ መጠንም ለምርምር የሚሆነው የመጨረሻው እትም ከመውጣቱ በፊት ከእነዚሁ የምድር መለኪያዎች ጋር እየተመሳከረ ይታረማል። ስለዚህ ለተማሪዎ ሊነግሩት የሚችሉት፣ ሳተላይቱ ስፋቱን ይሰጣል፣ የእናንተ መለኪያ ደግሞ እውነቱን ያረጋግጣል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጀማሪዎች ጋር መለኪያ ሳነብ አስቀድሜ የማሳያቸው የውኃውን ገጽ ነው። ውኃው በቱቦው ግድግዳ ላይ ጥቂት ሽቅብ ይሳብና መሐሉ ጎድጎድ ይላል። የሚነበበው የጎድጓዳው ታችኛ ጫፍ ነው፤ ዓይንም ከውኃው ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ ማለት አለበት። ቆሞ ቁልቁል ያየና ተንበርክኮ ያየ ሰው ከአንድ ቱቦ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይጽፋሉ። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውኃ ነውና እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። መለኪያው ከዛፍና ከሕንፃ መራቅ አለበት፤ ርቀቱ ከግርዶሹ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ፣ ቦታ ከተገኘ አራት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። ሰዓቱም በየቀኑ አንድ ይሁን።

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በክበባችን በስልክ መተግበሪያ የሰማዩን ደመና እየተመለከትን እንልካለን። አንድ ቀን ዝቅተኛና ወፍራም ደመና ሰማዩን ሞልቶታል ብዬ ላክሁ። በኋላ የመጣልኝ መልስ ግን ሳተላይቱ በዚያው ሰዓት ከፍተኛ ደመና እንዳየ ይገልጻል። ጓደኞቼ ተሳስተሻል አሉኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም፤ ሳተላይቱም አልተሳሳተም። በአንድ ሰማይ ላይ ሁለት ሽፋን ደመና ሲኖር ከላይ የሚመለከተው የላይኛውን፣ ከታች የሚመለከተው የታችኛውን ያያል። ያንቺ ምልከታ ዋጋ የሚኖረውም በእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተመራማሪው ሰማዩ ባለ ሁለት ፎቅ እንደነበረ ይረዳል። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ የታችኛው ደመና ባልታወቀ ነበር።

ክበባችሁ የሚጠቀምበት መተግበሪያ በገለጻሽው አሠራር ግሎብ በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ሥር ያለው ይመስለኛል። ግሎብ እ.ኤ.አ. በ1994 የምድር ቀን በተከበረበት ዕለት በወቅቱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት በነበሩት በአል ጎር ይፋ ተደርጎ በዓመቱ በዚያው ቀን ሥራ የጀመረ፣ ተማሪዎችንና መምህራንን ከሳይንቲስቶች ጋር የሚያገናኝ ነው፤ ዛሬ ከ120 በላይ አገሮች ይሳተፉበታል። ማንኛውም ሰው እንዲሳተፍ የስልክ መተግበሪያ የወጣለት በ2016 ነው። አንድ ሰው ሰማዩን አይቶ ሲልክ፣ በአቅራቢያው ባለ ሰዓት በላዩ ካለፉት ሳተላይቶች ምስል ጋር ተነጻጽሮ ውጤቱ ይላክለታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እንደ ቴራና አኳ ከ700 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ሁልጊዜ አንድን ፊት የሚመለከቱ ናቸው።

ሳተላይት በደመና ነገር የሚቸገርበት ሌላም ሁኔታ አለ። ስስ የሆነው፣ እንደ ተበጠረ ጥጥ የሚመስለው ሲረስ የሚባለው ከፍተኛ ደመና ብዙ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከላይ ሲታይ ከሥሩ ካለው መሬት ጋር ይደባለቃል። በረዶ የሸፈነው መሬት ላይ ያለ ደመናም ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል። መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል። ቀድሞ በሌዘር ብርሃን የደመናን ፎቆች ከላይ እየለየ ያሳይ የነበረው ካሊፕሶ የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2006 ተመጥቆ በ2023 ሥራውን አብቅቷል፤ ከሥር የሚያይ ዓይን አስፈላጊነቱ ስለዚህ አልቀነሰም።

ከስሕተት ሁሉ በጀማሪዎች ላይ የሚበዛው የደመናውን ዓይነት መሳት አይደለም፤ ሽፋኑን አብዝቶ መገመት ነው። ደመናዎች ከአድማስ አካባቢ ተደራርበው ስለሚታዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰወርብናል። አንድ መለማመጃ ልንገርሽ። ሰማያዊ ወረቀት ውሰጂ፤ እኩል መጠን ያለውን ነጭ ወረቀት ደግሞ በአሥር እኩል ክፍል ቁረጪ። ከአሥሩ ሦስቱን ብቻ በእጅሽ በጣጥሰሽ በሰማያዊው ላይ በትኚውና ጓደኞችሽን ከመቶ ስንት እንደተሸፈነ ጠይቂያቸው። መልሱ 30 ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ይገምታሉ። ከዚያ በኋላ ሰማዩን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለብቻ መገመት ለምን እንደሚሻል ይገባቸዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ፣ የሳተላይቱን መልስ ካየሽ በኋላ የጻፍሽውን እንዳትቀይሪ ነው። አይቶ የተጻፈ ነገር ከሳተላይቱ ጋር እንዲስማማ ከተስተካከለ ምስክርነቱ ቀረ።

ጥያቄ፦ የሳተላይት ምስል ላይ የዕፅዋት ጤንነት በቀለም ተለይቶ ሲታይ አያለሁ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቅጠሉ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን እንዴት ያውቃል? ውጤቱስ ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

መልስ፦ ጤነኛ ቅጠል የቀዩን ብርሃን ይመጥና ምግቡን ይሠራበታል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውንና ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ጨረር ግን በብዛት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወይም ሲደርቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ሳተላይቱ ሁለቱን ለየብቻ ይለካል፤ ከታህተ ቀዩ ላይ ቀዩ ይቀነስና ውጤቱ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ለምሳሌ አንድ ለምለም ቦታ ከታህተ ቀዩ 45 በመቶ፣ ከቀዩ 5 በመቶ ቢያንጸባርቅ፣ 40 ለ50 ተካፍሎ 0.8 ይሆናል። ራቁት አፈር ከታህተ ቀዩ 30፣ ከቀዩ 25 በመቶ ቢያንጸባርቅ፣ 5 ለ55 ተካፍሎ ከ0.1 በታች ይወርዳል። ካርታው ላይ በአረንጓዴና በቡናማ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው።

መታመኑን በተመለከተ፣ ቁጥሩ የሚናገረውንና የማይናገረውን መለየት ያስፈልጋል። እዚህ ቦታ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ ይላል፤ አረንጓዴው ሰብል ይሁን አረም፣ ነባር ዛፍ ይሁን ወራሪ ቁጥቋጦ አይነግረንም። ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈ አረምም በካርታው ላይ ለምለም ሆኖ ይታያል። ይህን የሚለይ ሰው በቦታው ተገኝቶ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ ቢያነሣና የሚያየውን ቢጽፍ፣ ተመራማሪው ያንን የታወቀ ቦታ መነሻ አድርጎ ሌሎችን ተመሳሳይ ቦታዎች በምስሉ ላይ ይለያል። በሙያው ቋንቋ የምድር ማረጋገጫ የሚሉት ይህን ነው።

ምስሎቹን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያው የተመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን ከ2008 ጀምሮ መዝገቡ በሙሉ ለማንም በነፃ ተከፍቷል፤ ይህን ውሳኔ በምድር ጥናት ታሪክ ከታላላቆቹ እርምጃዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የላንድሳት ምስል አንድ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጠቁት የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ደግሞ እስከ 10 ሜትር ያሳያሉ፤ በጥንድ ሲሠሩም አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ይጎበኙታል። ደመና ካለ ግን አያዩም።

ጥያቄ፦ የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራቂ ነኝ። በሕፃናትና ባልሠለጠኑ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃ በሳይንስ ውስጥ ቦታ ሊኖረው መቻሉን እጠራጠራለሁ። አንድ ሰው በስንፍና ወይም ለጨዋታ የፈጠራ ቁጥር ቢያስገባ ማን ያውቅበታል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ይህን ሥራ በቁም ነገር የያዙ ሰዎችም በዚሁ ጥርጣሬ ላይ ተመሥርተው ነው አሠራሩን ያበጁት። መለኪያው የሚቀመጥበት ቁመት፣ የሚነበብበት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ሁሉ በጽሑፍ የተወሰነ ነው። የአየር ሙቀት ለምሳሌ የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የሚለካው የራሱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይደለምና። የገባው ቁጥር ከሚቻለው ወሰን ውጪ ከሆነ ምልክት ይደረግበታል፤ ከጎረቤት ጣቢያዎችና ከሳተላይቱ ጋርም ይነጻጸራል። አንድ የፈጠራ ቁጥር በብዙ ሺህ ትክክለኛ ቁጥሮች መካከል ብዙም ጉዳት አያደርስም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዎች የሚመዘግቡት በሚኖሩበትና መንገድ ባለበት ብቻ መሆኑ ነው፤ ራቅ ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ትንተና የሚሠራ ሰውም ይህን ካላሰበበት ሥዕሉ ይዛባል።

ይሁንና ያልተለመደ ቁጥር ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ መጣልም አደገኛ ነው። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከልልን የኦዞን ጋዝ ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በአንታርክቲካ በሃሊ ጣቢያ የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ ዶብሰን በተባለ መሬት ላይ የሚቆም መሣሪያ፣ በላያቸው ያለውን የኦዞን መጠን በየዓመቱ ሳያቋርጡ ይለኩ ነበር። ለብዙዎች አሰልቺና ፍሬ ቢስ የሚመስል ሥራ ነበር። በኋላ ላይ በጥቅምት ወር የሚነበበው መጠን ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ፣ ቀድሞ 300 የዶብሰን አሃድ ገደማ የነበረው በ1984 ወደ 200 ገደማ ወረደ። በዚያው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀው ኒምበስ 7 የተባለ ሳተላይት ኦዞንን ከላይ ይለካ ነበር፤ መረጃውን የሚያጣራው ፕሮግራም ግን ከ180 በታች የሆነ ቁጥር ሲመጣ የመሣሪያ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም በሚል ምልክት እያደረገ ያልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ከምድር የለኩትን አሳተሙ። ምልክት የተደረገበት የሳተላይት መረጃ ሲመረመር መሣሪያው ልክ እንደነበረ ታወቀ፤ የመሳሳቱ ዕጣ የነበረው በሰው ግምት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የኦዞን ቀዳዳ የተባለው ይህ የሳሳ ቦታ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ አንታርክቲካን በሙሉ እንደሚያካልል በካርታ ያሳየው ሳተላይቱ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1987፣ የኦዞን ሽፋንን የሚያጠፉ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ።

ያ ምልክት የተደረገበት ቁጥር ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ የሚመረመር ነገር ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ ልጅ ግራ የሚያጋባ ቁጥር ሲያመጣ መምህሩ «ይህማ ሊሆን አይችልም» ብሎ ከመሰረዙ በፊት እንደገና እንዲለካ ቢጠይቀው፣ ሁለቱንም ቁጥር ከነሰዓቱ ቢያስጽፈው ይሻላል። የሃሊ ሰዎች ከእኛ የሚበልጡት በዋናነት በመሣሪያ አይመስለኝም፤ በዓመታት ትዕግሥት ነው።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለን፤ መሣሪያ ለመግዛት ግን አቅም የለንም። በእጃችን ባለው ነገር ልንለካው የምንችልና ከሳተላይት ጥናት ጋር የሚገናኝ ነገር ይኖራል?

መልስ፦ አለ፤ ከብዙው ሁለቱን ብቻ ዘርዘር አድርጌ ልግለጽ።

የመጀመሪያው የዛፍ ቁመት ነው። አራት ማዕዘን ካሬ የሆነ ወረቀት ከጥግ ወደ ጥግ አጥፉት፤ ሁለቱ አጭር ጎኖች እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። አንዱን አጭር ጎን ከመሬት ጋር አግድም፣ ሌላውን ቀጥ ብሎ የቆመ አድርጋችሁ፣ ረጅሙን ጎን ከዓይናችሁ ወደ ዛፉ አናት አነጣጥሩት። አናቱ ከረጅሙ ጎን ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሂዱ። የገጠመበት ቦታ ላይ ስትቆሙ ከዛፉ ግንድ ያላችሁ ርቀት ዛፉ ከዓይናችሁ በላይ ካለው ቁመት ጋር እኩል ነው። ርቀቱ 20 ሜትር ቢሆንና ዓይናችሁ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ቢል ዛፉ 21.5 ሜትር ይሆናል። መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት፤ ሦስት የተለያዩ ልጆች ለክተው አማካዩ ቢወሰድ ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ይህ ከሳተላይት ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀው አይስሳት 2 በሰከንድ 10,000 ጊዜ አረንጓዴ ሌዘር ወደ ምድር እየላከ፣ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ በመለካት የበረዶን ውፍረትና የደንን ቁመት ያሰላል። ከዛፍ አናት የተመለሰውን ከመሬት ከተመለሰው ለይቶ ማወቅ ግን በጥቅጥቅ ደንና በተዳፋት ላይ ቀላል አይደለም፤ በእጅ የተለካ ቁመት ለማመሳከሪያ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የአፈር እርጥበት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛንና ምድጃ ብቻ ነው። ከላይኛው አምስት ሴንቲሜትር አፈር ወስዳችሁ ወዲያው መዝኑት፤ ከዚያ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ በደንብ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑት። 100 ግራም የነበረው ደርቆ 80 ግራም ቢሆን፣ የጠፋው 20 ግራም ውኃ ነው፤ 20 ለ80 ተካፍሎ 25 በመቶ ይሆናል። የሚካፈለው ለደረቁ ክብደት መሆኑን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ለእርጥቡ ያካፍልና ውጤቱን ያበላሻል። አምስት ሴንቲሜትር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጠቀው ስማፕ የተባለው የአፈር እርጥበት ሳተላይት ስለ አፈሩ የሚያውቀው እስከዚህ ጥልቀት ነው። አንዱ ነጥቡ 40 ኪሎሜትር ገደማ ስፋት ስለሚሸፍን በውስጡ ያለውን ልዩነት ማየት አይችልም። ሁለት ክበቦች በአንድ ነጥብ ውስጥ ሆነው፣ ሳተላይቱ በሚያልፍበት ዕለት ቢለኩ ያንን ልዩነት ያሳያሉ።

ሌላውን ባጭሩ ልጥቀስ፤ ሳተላይት ሙቀቱን፣ ዝናቡንና ልምላሜውን አይቶ ለወባ ትንኝ የሚመች ወቅት መድረሱን ሊጠቁም ይችላል፤ በተጣለ ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃና በውስጡ የሚርመሰመሰውን እጭ ግን አያይም። ያንን ፈልጎ፣ ቦታውን መዝግቦ፣ ውኃውን መድፋት ለሰው የተተወ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ በሳተላይት የቤቴን ግቢ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። በካርታ መተግበሪያዎች ላይ የሚያዩት ጥርት ያለ ምስል ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የተነሣ ነው፤ አንዳንዱም ከአውሮፕላን የተነሣ ነው። በየጥቂት ደቂቃው የሚታደሰው የአየር ጠባይ ሳተላይት ምስል ደግሞ ዳመናን እንጂ ቤትን የሚያሳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ዝናብና ሙቀት መዝግበናል። በዕረፍት ወራትና ጠባቂው በታመመባቸው ሳምንታት ግን ሳንመዘግብ ያለፉ ቀኖች አሉ። መዝገቡ ስለተቆራረጠ ዋጋ የለውም ብለን ልንተወው ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳትተዉት። የተቆራረጠ መዝገብ የተበላሸ መዝገብ አይደለም፤ የሚበላሸው ክፍተቱ በግምት ሲሞላ ነው። በዝናብ መዝገብ ውስጥ ዜሮና ባዶ ቦታ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ዜሮ ማለት ሰው ሄዶ፣ መለኪያውን አይቶ፣ ውኃ አለመኖሩን አረጋግጧል ማለት ነው፤ ድርቅን የሚያጠና ሰው ከዝናቡ ይልቅ እነዚህን ዜሮዎች ይፈልጋቸዋል። ባዶ ቦታ ማለት ግን ማንም አላየም ማለት ነው። ባልታዩት ቀኖች ላይ ዜሮ ከተጻፈ፣ ዘንቦ የነበረ ቀን ደረቅ ሆኖ ለዘላለም ይመዘገባል፤ ሳተላይቱ በዚያ ቀን ዝናብ ካየም ጥፋተኛ የሚመስለው እርሱ ነው።

ከዕረፍት ስትመለሱ በመለኪያው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ብታገኙ ልኩን አንብባችሁ ጻፉት፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የዘነበ አድርጋችሁ ሳይሆን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ የተጠራቀመ» ብላችሁ። ከፊሉ ተኖ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም አብራችሁ አስታውሱ። መለኪያው ቦታ ቀይሮ፣ ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ በሌላ ተተክቶ ወይም በአጠገቡ የነበረ ዛፍ ተቆርጦ ከሆነ ቀኑን በዳር ጻፉ። የተረፈው ነገር ያ የሁለት ዓመት ደብተር ከውኃና ከእሳት በሚጠበቅበት ቦታ መቀመጡ፣ እያንዳንዱ ገጽም በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው፤ ባዶዎቹን ቦታዎችም ባዶ እንደሆኑ ተዉአቸው።